የካርቦን እግር ሯጩን ይጠቅመዋል?

ጣና ዳር ባለችው ዘጌ እግሩን ያጣ ሰው፣ ሰው ሠራሽ እግር ሲያስፈልገው ባሕር ዳር ወዳለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይሻገራል። እዚያ የሚያገኘው ጫማ የሚገባበት መራመጃ እግር ነው። ዓለምን ያከራከረው የሩጫ እግር ግን ሌላ ነው፤ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ተረከዝ የሌለው፣ ወደ ፊት የጎበጠ ስስ ነገር ነው። ሯጩ ሲረግጠው እንደ ሞላ ይታመቃል፤ ሲነሣ መልሶ ይገፋዋል።

ክርክሩን ያጋጋለው ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ፒስቶሪየስ ነው። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች የተቆረጡት በ11 ወሩ ነበር። ኮሎኝ ላይ የተደረገ ምርመራ በእኩል ፍጥነት ከሌሎች ሯጮች 25 በመቶ ያነሰ ጉልበት እንደሚያወጣ ስላመለከተ፣ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ አገደው። በዚያው ዓመት ግንቦት የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ምርመራው የተካሄደው ቀጥ ባለ መም፣ ሯጩ ሙሉ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ነበርና። ባት የሌለው ሰው ግን ከመነሻው ላይ ፈጥኖ መስፈንጠር ይቸግረዋል። ይህ ጉዳቱ አልተቆጠረለትም። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ በ400 ሜትር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ ሮጧል።

ሰዓት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የእኛው ታምሩ ደምሴ በ2016 የሪዮ ፓራሊምፒክ ከፊል የማየት ችግር ባለባቸው ሯጮች የ1,500 ሜትር ውድድር በ3:48.49 ገብቶ ብር ወሰደ። በዚያው ከተማ የኦሊምፒኩ አሸናፊ የገባው በ3:50.00 ነበር። ኦሊምፒኩ በዝግታ የተጀመረ የታክቲክ ሩጫ ስለነበር እንጂ፣ ታምሩን ያገዘው መሣሪያ አልነበረም።

እውነተኛው ጥያቄ ቁመት ላይ ነው። አንድ እግሩ የተቆረጠ ሯጭ ሰው ሠራሹን ከቀሪው እግሩ ጋር ማመጣጠን ግድ ይለዋል። ሁለቱንም ያጣ ግን ርዝመቱን መምረጥ ይችላል። ስለዚህ የሚፈቀደው ቁመት ከሌሎች የአካል ክፍሎቹ ልክ ተነሥቶ በቀመር ይሰላል። አሜሪካዊው ብሌክ ሊፐር ከዚህ ልክ በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ በልጦ በመገኘቱ በ2020 በዚያው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ተረታ። ገደብ መኖሩ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የሊፐር ወገን ቀመሩ ሲወጣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች አልተለኩም ሲል ያነሣው ቅሬታ እኛንም ይመለከታል። የእግርና ከወገብ በላይ ያለው አካል ምጥጥን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ ነገ አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ የሚለካው በዚሁ ቀመር ነው።

በ2020ው ውሳኔ ፍርድ ቤቱ አንድ ትልቅ ነገር አስተካክሏል። ከ2015 ጀምሮ የማኅበሩ ደንብ ሰው ሠራሹ እግር እንደማይጠቅም የማረጋገጡን ሸክም የጣለው በአትሌቱ ላይ ነበር። ጀርመናዊው የርዝመት ዝላይ ተወዳዳሪ ማርኩስ ሬም ከሪዮ ኦሊምፒክ የቀረው በዚህ ነው፤ ያውም የጀርመን፣ የአሜሪካና የጃፓን ተመራማሪዎች መርምረውት። ፍርድ ቤቱ ሸክሙን ከአትሌቱ ላይ አንሥቶታል። ከጣና ዳር ተነሥቶ የሚሮጥ ልጅ፣ እንዲህ ያለውን ላቦራቶሪ ከየት ያመጣው ነበር?