ልጆችዎን ይዘው ለሻደይ ሰቆጣ ሲሄዱ

ዱባይ ወይም ባንኮክ ሲሄዱ ቋንቋው እንደማይገባዎት ስለሚያውቁ ይዘጋጃሉ። የሆቴሉን አድራሻ ይጽፋሉ፤ ስልክዎ ላይ የትርጉም መተግበሪያ ይጭናሉ። ለአገር ውስጥ ጉዞ ግን ማን ይህን ያስባል? «አማርኛ የማይሰማ የት አለ?» ብለን እንነሳለን።

በሰቆጣ ከተማ አማርኛ ያግባባዎታል። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲሉ ግን፣ በተለይ ከአረጋውያንና ትምህርት ቤት ካልገቡ ሕፃናት ጋር፣ የሚጠብቅዎት ኽምጥኛ ነው። ኽምጥኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ፣ የአዊኛና የኤርትራው ብሊን እህት ነው። የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ተጽፎ ቢያገኙት ያነቡታል፤ ትርጉሙን ግን አያውቁትም።

የዋግ ኽምራ ልጃገረዶች ሻደይን የሚጫወቱት ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል ነው። ልጆችዎን ይዘው ለመሄድ ካሰቡ በመጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ያጣሩ። ከዚያ እነዚህን ያስቡባቸው።

ሦስት ነገር ይማሩ። ሰላምታ፣ ምስጋናና «አልገባኝም»። ያረፉበት ቤት ሠራተኛ ይንገርዎት፤ ልጆችዎ በማስታወሻ ደብተራቸው ይጻፉት። ሲሳሳቱ ሰው ይስቃል፤ አብረው ይሳቁ።

በ«አዎ» አይታለሉ። «መንገዱ ይህ ነው?» ብለው ከጠየቁ፣ ጥያቄው ያልገባው ሰውም እንግዳ ላለማሳፈር ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል። የቦታውን ስም ብቻ ይጥሩና በእጁ እንዲያሳይዎት ያድርጉ።

የጤናን ነገር ለምልክት አይተዉ። ልጅዎ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት ካለ፣ ገጠር ከመውጣትዎ በፊት ሁለቱንም ቋንቋ ለሚያውቅ አዋቂ በግልጽ ይንገሩ፤ እሱም አብሮዎት ይሂድ። «ማር አይስማማትም» የሚለውን በጣት ማስረዳት አይቻልም። ያውም የዋግ ሰው ለእንግዳ የሚያቀርበው ማር ሊሆን ይችላል።

ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ካሜራውን አሳይተው ፊታቸውን ይመልከቱ። ዝምታ ፈቃድ አይደለም።

እናትዎ ወይም አባትዎ የዋግ ሰው ከሆኑ ደግሞ ጉዳዩ ከጉብኝት ያልፋል። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ አማርኛና እንግሊዝኛ ይዞ አያቱ ፊት ሲቆም፣ አያት ጉንጩን ስማ ዝም ትላለች። የምትነግረው ጠፍቶ አይደለም፤ የምትነግርበት አጥታ ነው። እንግዲያው ለልጅዎ ከልብሱና ከጫማው በፊት አያቱን በቋንቋዋ የሚጠራበትን ቃል ያስተምሩት።

ስትመለሱ ልጆችዎን «ሳይገባችሁ ስትቀሩ ምን ተሰማችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። አንዱ አፈርኩ፣ ሌላው ፈራሁ ይል ይሆናል። ያን ጊዜ ከዋግ ገጠር የታመመ ልጇን አቅፋ ወደ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል የመጣችን እናት ያንሱላቸው። እናንተ ለሦስት ቀን የቀመሳችሁትን እሷ ልጇን ለማዳን በየመስኮቱ ትጋፈጠዋለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት እኩል ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። እዚያ ወረፋ ላይ ግን የሚያስፈልጋት ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ የሚያናግራት ሰው ነው። ልጆችዎ አድገው ያ ሰው ከሆኑ፣ የሰቆጣው ጉዞ ዋጋውን ከፍሏል።