የራስን ኢሜይል በሌላ እጅ መላክ

የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ያቋቋመ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው፤ መቀበሉ ይሠራል፣ መላኩ አይሠራም። ከውጭ የተጻፈለት ሁሉ በሰላም ይገባል። እሱ የላከው ግን በ550 የስህተት ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፣ ከተቀባዩ የስፓም ማኅደር ገብቶ ይቀራል፣ ወይም ከሰርቨሩ ወረፋ ሳይነቃነቅ ይውላል። ቅንብሩን ደጋግሞ ቢፈትሽ ስህተት አያገኝም። የተጠረጠረው የሚልክበት አይፒ አድራሻ ነውና።

የነገሩ ሥር ከኢሜይል አፈጣጠር ይጀምራል። ጆን ፖስተል በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያዘጋጀው የኤስኤምቲፒ ደንብ ላኪውን “ማንነትህን አረጋግጥ” አይለውም ነበር። ኔትወርኩ ጠባብ፣ ተጠቃሚውም በአብዛኛው ተመራማሪ ስለነበረ ሰርቨሮች የማያውቁትን ሰው ደብዳቤ ሳይቀር ተቀብለው ያሳልፉ ነበር። በ1990ዎቹ ስፓም የሚበትኑ ሰዎች በዚሁ ክፍት በር ገቡ። መከላከያውም ጥቁር መዝገብ ሆነ። ፖል ቪክሲ በ1997 ካስጀመረው መዝገብ በኋላ፣ በ1998 ስቲቭ ሊንፎርድ ስፓምሃውስን መሠረተ። ተቀባይ ሰርቨሮች ደብዳቤ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የላኪውን አይፒ አድራሻ ከመዝገብ ማየት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ዛሬም ብዙዎችን ግራ ያጋባል። በቫይረስ የተያዙ የቤት ኮምፒውተሮች ባለቤታቸው ሳያውቅ ስፓም ሲረጩ፣ መዝገቡ ከጥፋተኞች አልፎ ሰፈሩን በሙሉ መያዝ ጀመረ። ስፓምሃውስ ፒቢኤል በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያለ አድራሻ ስፓም ልኳል ማለት አይደለም። የቤት ወይም የሞባይል ኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሌሎች ሰርቨሮች ደብዳቤ ሊልክ አይገባም ማለት ነው፤ አድራሻዎቹን የኢንተርኔት አቅራቢው ራሱም ያስመዘግባል። ብዙ አቅራቢዎች በተጨማሪ ሰርቨር ለሰርቨር ደብዳቤ የሚያቀብልበትን 25ኛውን ፖርት ይዘጋሉ። ጎግል ክላውድና የአማዞን ኢሲ2ም ወደ ውጭ ሲወጣ ከመነሻው ይገድቡታል። ፖርቱ ክፍት የሆነበት ቦታ ሰርቨር የተከራየም ቢሆን፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው በቀድሞው ተከራይ ዕዳ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ከእሱ በፊት አድራሻውን የያዘው ሰው ባጠፋው ሊታገድ ይችላል።

መውጫው የሚላከውን ደብዳቤ ስም ባለው አቅራቢ በኩል ማሳለፍ ነው። እንደ አማዞን ኤስኢኤስ፣ ሜይልገንና ሴንድግሪድ ያሉት የሚሸጡት ይህንን ነው። የድርጅቱ ሰርቨር በ587ኛው ፖርት፣ በመለያ ስምና በይለፍ ቃል ገብቶ ደብዳቤውን ያስረክባል፤ ለተቀባዩ የሚያደርሰው አቅራቢው ነው። ፖስትፊክስ በሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ላይ ዋናው ሥራ ሪሌይሆስት የሚለውን መስመር መሙላትና የይለፍ ቃሉን ማስገባት ነው።

የሚረሳው ሌላው ግማሽ ነው። አቅራቢው በእኛ ዶሜይን ስም ለመላክ መፈቀዱ በዶሜይኑ የኤስፒኤፍ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ይህም ብቻውን አይበቃም። ብዙ አቅራቢዎች የተመለሰ ደብዳቤ ወደ ራሳቸው ዶሜይን እንዲሄድ ስለሚያደርጉ፣ ኤስፒኤፍ የሚያልፈው በእነሱ ስም ይሆናል። ዲማርክ የሚባለው የማረጋገጫ ደንብ ደግሞ የሚጠይቀው ያለፈው ዶሜይን ተቀባዩ በላኪነት ከሚያየው ዶሜይን ጋር እንዲገጥም ነው። ስለዚህ በራስ ዶሜይን ስም የተፈረመ፣ ዲኪም የሚባል ዲጂታል ፊርማ ያስፈልጋል።

ጎግልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለላኪዎች አስገዳጅ መስፈርት አውጥተዋል። ወደ ጂሜይል በቀን 5000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚልክ ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ሦስቱንም ማሟላት፣ የስፓም አቤቱታውንም ከ0.3 በመቶ በታች ማድረግ አለበት። ስፓምን ለመግታት ይህ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ማንም ለማንም እንዲጽፍ በተሠራ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ ጥቂት ኩባንያዎች የማን ደብዳቤ እንደሚደርስ ይወስናሉ፤ ለታገደ ትንሽ ላኪም ብዙ ጊዜ በቂ ምክንያት አይሰጡም። በአቅራቢ በኩል መላክም ሸክሙን አያጠፋውም። በርካሹ ደረጃ አንድ አይፒ ብዙ ደንበኞች ስለሚጋሩት የጎረቤት ጥፋት እዚያም ይደርሳል። ምስጠራው በመንገድ ላይ ብቻ ስለሆነ አቅራቢው ደብዳቤውን ማንበብ ይችላል። ለኢትዮጵያ ድርጅት ደግሞ የውጭ አቅራቢ ክፍያ በዶላር ነው፤ የደንበኞች መረጃ ከአገር ሲወጣም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መታየት አለበት።

ስለዚህ መላኩን ለሌላ መስጠት ተገቢ ቢሆንም ሁሉንም አብሮ መስጠት አያስፈልግም። ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፣ ገቢ ደብዳቤውም በራሱ ሰርቨር ይቆይ። ደብዳቤው ለአቅራቢው ከመሰጠቱ በፊት በራሱ ሰርቨር ላይ በራሱ የዲኪም ቁልፍ ይፈረም፤ አቅራቢው የተፈረመበትን ክፍል እስካልለወጠ ድረስ ፊርማው ጸንቶ ይቆያል፣ የሊንክ መከታተያው ከበራ ግን ይሰበራል። እንዲህ የተዘጋጀ ድርጅት አቅራቢው ዋጋ ቢጨምርበት ወይም ቢዘጋበት ሌላ አቅራቢ ጋ ተመዝግቦ ዶሜይኑን ካረጋገጠ በኋላ የሚቀረው የኤስፒኤፍ መዝገቡን፣ የሪሌይሆስት መስመሩንና የይለፍ ቃሉን መለወጥ ነው።