ወንበር የሌለው ቤተ መጻሕፍት ለስደተኛ ምን ይፈይዳል?

ክሮይደን ሲባል የብዙ ስደተኛ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሉናር ሃውስ ነው። ብዙዎቻችን ጥገኝነት ጠይቀን ስማችንን ያስመዘገብነው፣ አሻራ የሰጠነው እዚያ ነውና። ከዚያ በእግር ጥቂት ራቅ ብሎ ካትሪን ስትሪት ላይ ግን «ወረቀትህን አሳየኝ» ሳይል የሚያስቀምጥ ሌላ ቤት አለ፤ በ1993 የተከፈተው የክሮይደን ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት።

መኖሪያ ፈቃዱን ለሚጠባበቅ ወገናችን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ መሄጃ ብቻ አይደለም። ሻይ ሳይገዛ የሚቀመጥበት፣ በብርድ የሚሞቅበት፣ በኮምፒዩተር ማመልከቻ የሚሞላበት ነው። በአገሬ ጋዜጠኛ የነበርኩት እኔም እዚህ የመጀመሪያዎቹን የሥራ ማመልከቻዎች የጻፍኩት እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ተዘጉ። ከጁላይ 4 ጀምሮ እንዲከፈቱ ሲፈቀድ እንደ ቀድሞው አልነበሩም። ወንበሮች ተነሡ፤ የተመለሰ መጽሐፍ ለ72 ሰዓት ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ በብዙ ቦታም አንባቢ ያዘዘውን ከበር ተቀብሎ ይመለስ ነበር። የራሱ ቤት ላለው ይህ ይበቃው ይሆናል። አንድ ክፍል ከሌሎች ጋር ለሚጋራው ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የጎደለበት ወንበሩ ነበር።

ኋላ ሳይንሱ እንዳረጋገጠው በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በአየር እንጂ በመጽሐፍ ሽፋን አይደለም። እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት የሚያድስ መሐንዲስ ቀድሞ ማሰብ ያለበት ስለሚከፈት መስኮት፣ ስለ አየር ማዘዋወሪያና እየተገፋ ቦታ ስለሚለቅ መደርደሪያ ነው። ያን ጊዜ በሽታ ሲመጣ ሰው ተራርቆ ይቀመጣል እንጂ አይመለስም። ሕንፃው አሮጌ ነው ማለትም ምክንያት አይሆንም፤ በ1914 የተከፈተው የቶርንተን ሂዝ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ታድሶ አገልግሏል።

የክሮይደን ካውንስል በኖቬምበር 2020 በጀቱን ማመጣጠን እንዳልቻለ በይፋ አስታወቀ። በ2024 ደግሞ የብሮድ ግሪንን፣ የሸርሊን፣ የሳንደርስቴድንና የብራድሞር ግሪንን ቤተ መጻሕፍት ለመዝጋት ወሰነ፤ በምትኩ የሌሎቹን የሥራ ሰዓት አራዝማለሁ አለ። ሰዓት መጨመሩ መልካም ነው፤ ሆኖም የአውቶቡስ ሒሳብ ለሚቸግረው ሰው ሩቅ ያለ ክፍት በር ከተዘጋ አይለይም።

ካውንስሉ የነዋሪውን አስተያየት ሲጠይቅ ከእኛ ወገን ስንቱ ይመልሳል? ወንበር፣ ንጹሕ አየርና መጸዳጃ ቤት እንፈልጋለን ማለት ልመና አይደለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።