ክብደት ሲቀነስ ጉልበት ለምን ይከዳል?

ክብደት ለመቀነስ የወሰነ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ በደስታ ያሳልፋል። ሚዛኑ በፍጥነት ዝቅ ይላል፤ ልብሱም ይሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ግን ጂም ውስጥ ነገሩ ይለወጣል። ባለፈው ወር በቀላሉ ይነሳ የነበረው ብረት ይከብዳል፤ እግር ይዝላል፤ እንቅልፍም ይረበሻል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ጥፋቱን በስንፍናቸው ያሳብቡና ምግባቸውን ይበልጥ ቀንሰው እንቅስቃሴያቸውን ይጨምራሉ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የወኔ ሳይሆን የኃይል ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ሲዛባ ደግሞ የሚቀንሰው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ጭምር ነው።

ጡንቻ በምን ይሠራል?

ሰውነት ሁለት ዋና ዋና የኃይል ማከማቻዎች አሉት። የመጀመሪያው ስብ ነው። ቀጭን የሚባል ሰው እንኳ በስብ መልክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ካሎሪ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን ስብ ኃይሉን የሚሰጠው ቀስ ብሎ ነው፤ ለእርምጃ ይበቃል፤ ከባድ ብረት ለማንሳት ወይም በፍጥነት ለመሮጥ ግን አይደርስም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ማከማቻ፣ ማለትም ከካርቦሃይድሬት የሚገኘው ግላይኮጅን ነው። አንድ አዋቂ ሰው በጡንቻው ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም፣ በጉበቱ ደግሞ 100 ግራም ያህል ግላይኮጅን ያከማቻል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል። ምግብ ሲቀንስ ይህ ክምችት ይጎድላል፤ ውኃውም አብሮት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው ፈጣን ለውጥ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሚዛኑን ያቀለለው ጉድለት ብረቱን የሚያከብደውም እርሱ ነው።

ሰውነት ወጪውን ይቆጥባል

ገቢው የቀነሰበት ቤተሰብ ወጪውን እንደሚያጠብ ሁሉ ሰውነትም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን በጉልህ ያሳየው በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንሰል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ያካሄዱት ጥናት ነው። 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ወራት በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ እየተመገቡ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲጓዙ ተደረገ። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህሉን አጡ። የልብ ምታቸው ዘገየ፤ ብርድ ብርድ አላቸው፤ ድካምና ትካዜ ተጫናቸው፤ ሐሳባቸውም ሁሉ ምግብ ሆነ። በዕረፍት ላይ ሳሉ ሰውነታቸው የሚያወጣው ኃይልም ወደ 40 በመቶ ቀነሰ። ልኩ ይለያይ እንጂ ምግቡን ከመጠን በላይ የሚቀንስ ማንኛውም ሰው ይኸው የቁጠባ ሥርዓት ይገጥመዋል።

ልከኛው ስሌት

ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው ክብደትን ባለበት ከሚያቆየው መጠን ላይ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ነው። ለምሳሌ 80 ኪሎ የሚመዝንና ክብደቱን ለመጠበቅ 2,500 ካሎሪ የሚያስፈልገው ሰው ወደ 2,050 ዝቅ ሊል ይችላል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢመገብ 128 ግራም፣ ማለትም 512 ካሎሪ ይሆናል። 60 ግራም ስብ 540 ካሎሪ ይይዛል። የቀረው ወደ 1,000 ካሎሪ 250 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል፤ ይህም ለጂም የሚሆን ጉልበት ነው።

የፕሮቲን ድርሻ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ምግባቸው በ40 በመቶ ተቀንሶ ለአራት ሳምንታት በብርቱ የሠለጠኑ 40 ወጣት ወንዶችን አነጻጽሯል። በኪሎ 2.4 ግራም ፕሮቲን የተመገቡት 4.8 ኪሎ ስብ ሲያጡ፣ የዚያን ግማሽ ፕሮቲን የተመገቡት ያጡት 3.5 ኪሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከጡንቻቸው ላይ እንኳ መጨመር ችለዋል። በጾም ወራት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሲቀር ይህን ቦታ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና አኩሪ አተር መሙላት አለባቸው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው።

ቅነሳው ከየት ይጀመር? ብዙዎች በቅድሚያ እንጀራን ይተዋሉ። ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። ከወጥ ላይ ሦስት ማንኪያ ዘይት መቀነስ የቀኑን ጉድለት አብዛኛውን ይሸፍናል፤ እንጀራው ደግሞ ለጡንቻ ነዳጅ ሆኖ ይቀራል። በተለይ ከሥራ በኋላ ወደ ጂም የሚሄድ ሰው ከምሳ ጀምሮ ባዶ ሆዱን ከሚቆይ፣ ከስፖርቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ዳቦ፣ ቂንጬ ወይም ሙዝ ቢቀምስ ልዩነቱን ያየዋል።

በልምምዱም በኩል የብረቱን ክብደት በተቻለ መጠን ጠብቆ የዙሩን ብዛት መቀነስ ይሻላል። ለጡንቻ «አሁንም ትፈለጋለህ» የሚለውን መልእክት የሚያደርሰው ክብደቱ ነውና።

መቼ ማቆም ይገባል?

የማያቋርጥ ድካም፣ ራስን መሳት፣ ተደጋጋሚ የአጥንት ጉዳት፣ በሴቶች ደግሞ የወር አበባ መቋረጥ የቆራጥነት ምልክቶች አይደሉም፤ ሰውነት ኃይል እንዳጠረው የሚናገርባቸው ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የኃይል እጥረት በአጥንት፣ በሆርሞንና በልብ ላይ ጉዳት የሚያደርስ የጤና ችግር ብሎ ሰይሞታል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ደግሞ ምግብ ከመቀነስ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል።

በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል መቀነስ ለቸኮለ ሰው አዝጋሚ ይመስላል። ሆኖም በስድስት ወር ከአሥር ኪሎ ይበልጣል፤ ያም ብረት ማንሳት የሚችል ጉልበት ሳይጠፋ ነው።