የአንኮበር እሬትና የብርቅነት ሚዛን

እሬት የሚለውን ስም የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ሕፃን ጡት እንዲተው እናት የምትቀባው መራራ ነገር እርሱ ነው፤ ነገር ሲመርም «እንደ እሬት መረረ» ይባላል። ከደምበል እስከ ካዛንቺስ ባለው ሰፈር በየደጃፉ በሸክላ ተተክሎ የሚታየው ባለ ወፍራም ቅጠል ተክልም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ወገን ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው «እሬት ያለ ውሃ እንኳ የሚኖር ተክል ነውና ለእርሱ ማን ይጨነቃል?» ይላል። ይህ አባባል ለአንዱ እሬት እውነት ሲሆን ለሌላው እውነት አይደለም። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ነው።

በመጀመሪያ፥ እሬት የአንድ ተክል ብቻ ስም አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በዓለም ላይ ከ500 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች ሲኖሩ፥ አብዛኞቹ የሚበቅሉት በአፍሪካ፥ በማዳጋስካርና በዓረብ ልሳነ ምድር ነው። ከእነዚህም ውስጥ ከ40 በላይ የሚሆኑት በኢትዮጵያና በኤርትራ ይገኛሉ። ለመድኃኒትና ለቅባት በየአገሩ የሚታረሰው አሎቬራ የተባለው ዓይነት የትውልድ አገሩ ዓረብ ሲሆን፥ ከአገራችን እሬቶች ግን ብዙዎቹ በሌላ አገር ፈጽሞ አይገኙም።

ከእነዚህ አንዱ የአንኮበር እሬት ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና የዕፅዋት ሊቁ ማይክል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቁት ይህ ተክል የሚበቅለው በሰሜን ሸዋ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው የአንኮበር አካባቢ ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ ነው። አንኮበር ጉም የማይለየው ደጋ ሆኖ ሳለ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል በዚያ ምን ያደርጋል? ቢባል፥ መልሱ በገደሉ ላይ ነው። ዝናም ቢዘንብም ቀጥ ያለ ዓለት አፈርም ሆነ ውሃ አይዝም፤ ስለዚህ ተክሉ ያገኘውን ውሃ በቅጠሉ ያኖራል። የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎችም በቀን ዘግቶ በሌሊት ስለሚከፍት ውሃው በፀሐይ አይባክንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ተክል ብርቅ መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን ብርቅ መሆንና ለመጥፋት መቃረብ አንድ አይደሉም። በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የተባለውን ሲያዘጋጅ ይህን ልዩነት በሚዛን ይለያል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ የሥርጭት ስፋት ነው። ስፋቱ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ተጋላጭ፥ ከ5,000 በታች ሲሆን ለመጥፋት የተቃረበ፥ ከ100 በታች ሲሆን እጅግ የተቃረበ ለመባል በር ይከፈታል። ሆኖም ስፋቱ ብቻውን አይበቃም። የሚገኝበት ሥፍራ ጥቂት ወይም የተበጣጠሰ መሆኑ፥ ተክሉ ወይም መኖሪያው ሳያቋርጥ እየቀነሰ መሄዱ፥ ቍጥሩም ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ማለቱ ይመረመራል፤ ከሦስቱም ሁለቱ መረጋገጥ አለባቸው።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። መኖሪያውን ጠባብ ያደረገችው ተፈጥሮ ናት፤ መቀነሱ ግን በአብዛኛው የሰው ሥራ ነው። ገደል ለማረሻ ስለማይመች ተክሉን ለብዙ ዘመን ጠብቆታል። መንገድ ሲቈረጥ፥ የድንጋይ ካባ ሲከፈት ወይም ከገደሉ በላይ ያለው ዱር ሲመነጠር ግን ያ ጥበቃ ይፈርሳል። በሰፊ አገር የሚበቅል ተክል አንድ ተራራ ቢያጣ ሌላ ተራራ አለው፤ የአንኮበር እሬት ግን ሌላ አንኮበር የለውም።

«ታዲያ በአትክልት ቦታ ተክለን ብናባዛውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይህ የሚረዳ ቢሆንም ገደሉን አይተካም። አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው ብናኝ ፍሬ አይሰጡም፤ ንቦችና ማር የሚቀስሙ ወፎች ከሌላ ተክል ብናኝ ሊያመጡላቸው ያስፈልጋል። ልዩ ልዩ እሬቶች በአንድ ቦታ ሲተከሉ ደግሞ በቀላሉ ስለሚዳቀሉ፥ ከዘሩ የሚወጣው ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከዱር ነቅሎ መሸጥማ ጥፋት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 አባል የሆነችበት፥ በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው ስምምነት፥ ከአሎቬራ በስተቀር የማናቸውም የዱር እሬት የውጭ ንግድ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ የሚከለክለው ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር የሊቃውንት ብቻ ጉዳይ የሚመስለው የመሥሪያ ቤት ሰው ካለ፥ ጥቂት ያስብ። የመንገድ ጥናት፥ የካባ ፈቃድ፥ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ወረቀት፥ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲመረመር ያዘዘው፥ ገደል ከፈረሰ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ተክል ስለማያበቅል ነው። ስለዚህ የሥፍራውን ዕፅዋት ዝርዝር ያልያዘ ጥናት ሲቀርብላችሁ «ይህስ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር፥ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ለደጃፋችሁ ተክል ስትገዙም ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁ፤ ከችግኝ ጣቢያ የወጣ ከሆነ ውሰዱ፥ ከገደል የተነቀለ ከሆነ ተዉት።