ማሳው ያኔ የማን ነበር? ስለ ጊዜ መዛግብት ተረትና እውነታ

ደብረ ማርቆስን የከበበው የጎዛምን ወረዳ፣ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ «ማሳው ያኔ የማን ነበር?» ተብሎም ይጠየቃል። በዚህ ዙሪያ የሚሰሙ አራት ተረቶች እነሆ።

ተረት፦ ለአንድ ጉዳይ አንድ ቀን ይበቃል።
እውነታ፦ ሁለት ቀን ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሆነበትና መዝገብ ላይ የሰፈረበት። አንድ አባት ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. አረፉ፣ ልጃቸው ውርሱን ያስመዘገበችው ደግሞ ሚያዝያ 20 ነው እንበል። በመሃሉ፣ መጋቢት 5፣ የወረዳው ባለሙያ «ባለይዞታው አባትየው ናቸው» ብሎ ማስረጃ ሰጠ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ሁለት ጥያቄ ይነሳል። መጋቢት 5 ማሳው የማን ነበር? የልጅቷ። መዝገቡስ ያን ዕለት ማንን ያሳይ ነበር? አባትየውን። ባለሙያውን ከተጠያቂነት የሚያድነው ሁለተኛው መልስ ነው።

ተረት፦ ባክአፕ ካለ ታሪኩ አለ።
እውነታ፦ ባክአፕ የሚወሰደው ማታ ማታ ከሆነ፣ ጠዋት ተጽፎ ከሰዓት የተለወጠው አይገኝበትም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠይቅ ቋንቋ) ደረጃ ለዚህ መላ አበጅቷል፤ መረጃው ሲቀየር አሮጌው ከነመነሻና ከነማብቂያ ጊዜው ይቀመጣል፤ ጠያቂው «አዝ ኦፍ» ብሎ ቀኑን ይጽፋል። ከዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ማሪያዲቢ ከ10.3፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 እትማቸው ጀምሮ ይህን ይሠራሉ።

ተረት፦ የእኛን ዘመን ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 8 መደመር ነው።
እውነታ፦ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ቀኑም ይንሸራተታል፤ 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረው የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። የዳታቤዙ የቀን ዓይነት 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜንን እንደ ተራ ጽሑፍ ማስገባት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያዛባል። የሚሻለው በጎርጎርዮስ አስቀምጦ፣ ለባለጉዳዩ ሲያሳዩ ወደ እኛው መመለስ ነው።

ተረት፦ የመጠይቅ ቋንቋው ዘመናዊ ከሆነ የማይመለስ ጥያቄ የለም።
እውነታ፦ ዳታቤዙ በራሱ የሚያውቀው የተጻፈበትን ጊዜ ብቻ ነው። ባለሙያው አባትየው ያረፉበትን ቀን ጠይቆ ካልሞላ፣ ልጅቷ ከሚያዝያ 20 በፊት መብት እንዳልነበራት ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት ቅጹ ላይ ለሁለቱም ቀኖች ቦታ ይተው።