ለኢድ እንግዳ ትኩስ ሳምቡሳ



የኢድ ጧት በልደታ ምን እንደሚመስል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አባቶች፣ አዲስ ጫማቸውን ደጋግመው የሚያዩ ሕፃናት፣ መስገጃቸውን በክንዳቸው የያዙ እህቶች ተክቢራ እያሰሙ በሜክሲኮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ይተማሉ። ከቤት ሲወጡ የቀመሱት ነገር ቢኖር በሱንናው መሠረት በጎዶሎ ቁጥር የተበላች ተምር ናት። ሰላቱና ኹጥባው አልቆ፣ በየመንገዱ ወዳጅ ከወዳጅ ተቃቅፎ ቤት ሲደረስ ረፋድ ሆኗል። ሆድ ይሞረሙራል፤ እንግዳም በር ላይ ነው። የዶሮው ወጥ ገና ከሆነ የእመቤቲቱን ፊት የሚያድነው አንድ ትሪ ትኩስ ሳምቡሳ ነው።

ሳምቡሳ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ በተዘጋጀው የኢብን ሰያር አል-ወራቅ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡጣም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ማዕድ ላይ በተከተፈ ሥጋ፣ በለውዝና በሽንኩርት የተሞላ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ምስርን አገኘ። እኔ በበኩሌ ምስሩ ይበልጥብኛል፤ ሥጋ ወዳዶች ይቅር በሉኝ።

ምስሩን የማነሳው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። የ2016 ኢድ አል-ፈጥር የዋለው ሚያዝያ 2 ሲሆን፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 27 ነበር። ኢዱ በሁዳዴ ጾም መካከል ዋለ ማለት ነው። ያን ዕለት የሥጋውንም የምስሩንም ሳምቡሳ ጠብሼ፣ የምስሩን ለይቼ ከላይኛው ፎቅ ላሉት እናት ይዤ ወጣሁ። እኚህ እናት ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ በቀድሞው ግቢ ሳለን ጀምሮ የማውቃቸው ናቸው። ሰሃኑን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉና፣ «እንኳን አደረሳችሁ ልጄ፤ ዘይቱ ግን ከሥጋው ጋር አንድ ነው መሰለኝ» አሉኝ። «ምስር እኮ ነው እማማ» ብል፣ «ምስሩማ ምስር ነው» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነበር። በአንድ ብረት ድስት፣ ሥጋውን አስቀድሜ ነበር የጠበስኩት። ማሸጊያውንም በእንቁላል አድርጌዋለሁ። እሳቸው አልተቀየሙኝም፤ እኔ ግን ያንን ሰሃን ይዤ ደረጃውን ስወርድ እጅግ አፈርኩ።

ነገሩ የጾም ብቻም አይደለም። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። በሠርግ ላይ እንኳ ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተሠርቶ ይቀርባል እንጂ ሰው አይለያይም። ስለዚህ በልደታ ማርያም ስም በሚጠራ ሰፈር ውስጥ፣ ግንቦት 1 በደረሰ ቁጥር ንፍሮና ቂጣ የሚያቀብሉን ጎረቤቶች ያሉን ሰዎች፣ እነሱም ሳይሳቀቁ የሚበሉት ነገር በትሪያችን ላይ ሊኖር ይገባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወጥ የሚሠራ ሰው መረቁን አብዝቶ ለጎረቤት እንዲያደርስ አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) መምከራቸውን እናስታውስ። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ኢዱ በ2017ም መጋቢት 21፣ አሁንም በሁዳዴ ውስጥ ዋለ፤ ለጥቂት ዓመታትም እንዲሁ ይቀጥላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የምነግራችሁ መጠን 40 ሳምቡሳ ያህል ያወጣል።

ምስሩ ድፍን ይሁን፤ ክክ ይሟሟል። ግማሽ ኪሎውን ለቅመውና አጥበው በብዙ ውሃ ይጣዱት። ከባሕር ጠለል አጠገብ ባሉ አገሮች የተጻፉ መጻሕፍት 20 ደቂቃ ቢሉ አትመኑ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ምስራችን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በጣት ሲጫኑት የሚለሰልስ፣ ነገር ግን ያልፈረሰ ሲሆን በወንፊት ያጥልሉት፤ ከዚያም በሰፊ ትሪ ላይ በትነው ያናፍሱት። ይህችን ነገር በችኮላ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ በምስሩ ውስጥ በቀረ ውሃ ምክንያት ነው፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲፈልግ ሊጡን ይቀደዋል።

ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ደቀቅ አድርገው ይክተፉ። ግማሹን ከሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጋር በጥቂት ዘይት አለስልሰው ከምስሩ ጋር ያዋሕዱት፤ ቀሪውን ጥሬውን፣ ምስሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጨምሩት። ሲበሉት ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ስድስት ቃሪያ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የተፈጨ ድንብላል ይግባበት። ቅቤ አይግባ።

ለሊጡ አንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከግማሽ ሊትር ጥቂት ከፍ የሚል ለብ ያለ ውሃ ያስፈልጋል። ጠንከር አድርገው አሽተው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ተመልሶ ይሸበሸባል። ከዚያ እንቁላል የሚያህሉ 20 ድቡልቡሎች ያውጡ። ሁለቱን ሁለቱን መዳፍ ያህል ዳምጠው፣ በመካከላቸው ዘይት ቀብተው ዱቄት ነስንሰው ያነባብሩና አንድ ላይ አንድ ስንዝር እስኪሰፉ ይዳምጡ። በደረቅ መጥበሻ ላይ በየገጹ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ያሳዩት፤ ቀለም እንዳይዝ ይጠንቀቁ። በትኩሱ ሁለት ቦታ ይላቀቃል። ክቡን ለሁለት ቆርጠው፣ እንደ ቆሎ መጠቅለያ ወረቀት ጠቅልለው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ምስር ይሙሉበት። አፉን በዱቄትና በውሃ በተበጠበጠ ሙጫ ይዝጉት፤ እንቁላሉን ለሌላ ቀን ይተዉት።

ይህን ሁሉ በዋዜማው ማታ መጨረስ ይቻላል። በዓል በደረሰ ቁጥር ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ መብራት የመጥፋት ልማድ እንዳለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይመሰክራል፤ መተላለፊያ ላይ ከሰል ማቀጣጠልም ጎረቤትን በጭስ መፍጀት ነው። ሊጡን ማታ አስጨርሶ ለጧት መጥበስ ብቻ ማስቀረት ግማሽ እፎይታ ነው። የተሞላውን ዱቄት ነስንሰው ሳይደራርቡ፣ ሸፍነው ማቀዝቀዣ ያስገቡት። የቤቱ ወንዶችም ይቀመጡና ይጠቅልሉ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል።

ጧት ከስታዲየም መልስ ዘይቱን ያግሉ። ቁራሽ ሊጥ ሲጥሉበት ወዲያው አረፋ ከብቦት ብቅ ካለ ደርሷል። ሰምጦ ከቀረ ገና ነው፤ ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል። ወዲያው ከጠቆረ ደግሞ አልፏል። አምስት ስድስት እያደረጉ፣ እያገላበጡ ሦስት አራት ደቂቃ ይጥበሱ። ዘይቱ እንዲወርድ በወንፊት ላይ ያቁሙት እንጂ በሰሃን ከምረው አይክደኑት፤ በራሱ እንፋሎት ይላላል። የሥጋም የምትሠሩ ከሆነ ምስሩ ይቅደም፣ ሥጋው ይከተል፤ ከተቻለም ድስቱ ለየብቻ ይሁን። ሰሃኑም ይለይ፣ ጭልፋውም ይለይ። የሥጋው ሳምቡሳ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ።

ሊጥ ለመዳመጥ ጊዜ ያጣች እህት ደግሞ ያንኑ ምስር በትኩስ ሳንዱች ታቅርበው። ያደረ ዳቦ ሳስቶ ይቆረጥ፤ በሁለት ቁራጭ መካከል ምስሩና ስስ የቲማቲም ቁራጭ ይግባበት። ውጩን ዘይት ቀብታ፣ በመጥበሻ ላይ በከባድ ክዳን ተጭና ሁለቱንም ገጽ ታብስለው። ለአራት ቆርጣ ስቴኪኒ ብትሰካበት ልጆች ይሻሙበታል።

በ2017ቱ ኢድ የመጀመሪያውን ዙር፣ ገና እየተንጨረጨረ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ ይዤ ወጣሁ። ዘይቱ አዲስ መሆኑን ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው። እናታችን በሩ ላይ እንደቆሙ አንዱን ገምጠው፣ አላምጠው ሲያበቁ፣ «ጥሩ ነው፤ ቃሪያው ብቻ አንሷል» አሉኝ። ያኔ አራት ነበር የማስገባው።